የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ጭንቀት፦ ምንጩ ከየት ነው፣ ማቃለሉስ የማን ድርሻ ነው?

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለጤና ሚኒስቴር፣
የጥርስ ሕክምና ትምህርት ለሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በሙሉ፣

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለላኩ በደቡብ ወሎ የወረኢሉ፣ የለጋምቦ፣ የከለላ፣ የወግዲና የቦረና ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን የሚያስጨንቁ የአሠራር ጉድለቶች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ከባድ መሆኑ በራሱ ቅሬታ ሊቀርብበት የሚገባ ነገር አይደለም፤ በሰው አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ የሚይዝ እጅ ሕዝብ እምነቱን ከመጣሉ በፊት በብርቱ ሊፈተን ይገባዋልና። ሆኖም ከሙያው ባሕርይ የሚመነጨው ክብደት አንድ ነገር ሲሆን፣ ትምህርቱ ከተደራጀበት መንገድ የሚመነጨው ክብደት ደግሞ ሌላ ነው። ታካሚ ማግኘት፣ መሣሪያ ማሟላት፣ የመምህራንን መመዘኛ አንድ ማድረግና የፈተናን ጊዜ መወሰን የተቋም ሥራዎች ናቸው፤ እነዚህ ሥራዎች ሳይሠሩ ሲቀሩ ጉድለታቸው በጸጥታ ወደ ተማሪው ይዞራል፣ ተማሪውም የራሱን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የተቋሙንም ጉድለት ተሸክሞ እንዲመረቅ ይጠበቅበታል። የዚህ ደብዳቤ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ደብዳቤው የሚቀርበውም ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ስም ነው፤ ምክንያቱም የዚህ አካባቢ ልጆች በዚያ ሸክም ላይ የራሳቸው ሌላ ሸክም የተጨመረባቸው ሲሆኑ፣ የዚህ አካባቢ ሕዝብም የጥርስ ሐኪም እጥረት ከሚጎዳቸው ወገኖች አንዱ ነው።

ውጥረት ማለት አንድ ሰው የተጣለበት ግዴታ ካለው አቅም፣ ጊዜና ድጋፍ እንደሚበልጥ ሲሰማው አካሉና አእምሮው የሚሰጡት ምላሽ ነው። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ውጥረትን የሚወስነው የግዴታው መጠን ብቻ ሳይሆን በግዴታውና ግዴታውን ለመወጣት በሚያስችለው አቅም መካከል ያለው ክፍተት ነው። ልክ ያለውና ቶሎ የሚያልፍ ውጥረት ተማሪን ያነቃል፣ ለፈተናም ያዘጋጃል፤ ሳይቋረጥ ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍን ይነሣል፣ ትኩረትን ይበትናል፣ በመጨረሻም ወደ ዝለት ያደርሳል። ዝለት የሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ እንደገለጸው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የረዥም ጊዜ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ሁኔታ ሲሆን ሦስት ምልክቶች አሉት፤ እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። ከሦስቱ ለታካሚ እጅግ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው፤ በሐሳቡ ከሥራው የራቀ ሐኪም ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ትቶ ጥርሱን ብቻ ማየት ይጀምራል።

ይህ ጉዳይ ለሳይንሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጋርቢ፣ ዙከርና ሰልቢ የተባሉ ተመራማሪዎች የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን የሚያስጨንቁ ነገሮች ለይቶ የሚለካ መጠይቅ በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡ ሲሆን፣ መጠይቁ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች እየተሻሻለ ሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውሮፓ የጥርስ ሕክምና ትምህርት መጽሔት የወጣ የጥናቶች ቅኝት ደግሞ ምክንያቶቹን በአምስት ወገን መድቧቸዋል፤ እነርሱም የመኖሪያ ሁኔታ፣ የግል ሁኔታ፣ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ጫናና የክሊኒክ ሥልጠና ናቸው። ከእነዚህ አምስቱ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው አንዱ፣ ማለትም የግል ሁኔታው ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ የቀሩት አራቱ በአብዛኛው ተቋም የሚፈጥራቸው ወይም ተቋም ሊያስተካክላቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። እንዲህም ሆኖ በተግባር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው እንዲጠነክር፣ እንዲጸልይ፣ እንዲተኛና ጊዜውን እንዲያቅድ የሚያሳስብ ነው። ምክሩ መልካም ቢሆንም ከአምስቱ ምክንያቶች የሚነካው አንዱን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የጥርስ ሕክምና ዶክትሬት የሚሰጥ ትምህርት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቐለ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም በሌሎች የመንግሥትና የግል ተቋማት ይገኛል። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ገደማ የሚወስድ ሲሆን በውስጡ ሦስት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ተማሪው የሰውነትን አሠራር፣ የበሽታ መንሥኤንና የመድኃኒትን ጠባይ ከሌሎች የሕክምና ተማሪዎች በማይተናነስ ጥልቀት ይማራል። በሁለተኛው፣ ቅድመ ክሊኒክ በሚባለው፣ የሰው ራስ ቅርጽ ባለው አሻንጉሊት ላይ በተተከሉ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ላይ መቦርቦርን፣ መሙላትንና መቅረጽን ይለማመዳል። በሦስተኛው ወደ ክሊኒክ ገብቶ በመምህር ጥበቃ ሥር ሕያው ታካሚ ያክማል፤ ከዚያም ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም፣ ሆኖ አንድ ዓመት ይሠራል። የጥርስ ሕክምና ተማሪን ከሌላው የሕክምና ተማሪ የሚለየው ይህ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የጠቅላላ ሕክምና ተማሪ በታካሚው አጠገብ ሆኖ ያዳምጣል፣ ይመረምራል፣ ይጠይቃል፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ግን ስፔሻሊስቱ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ግን ገና ሳይመረቅ፣ በገዛ እጁ፣ ሊመለስ የማይችል ሥራ ይሠራል፤ የተቦረቦረ ጥርስ ወደ ነበረበት አይመለስም፣ የተነቀለም አይተከልም። ሥራው የሚለካው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በትንሽ መስታወት ውስጥ ተገልብጦ የሚታየውን እያዩ፣ ጎንበስ ብለው፣ በጠባብና በእርጥብ ቦታ የሚሠሩት ነው። የአንገትና የወገብ ሕመም፣ በመርፌ የመወጋት ሥጋትና እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ፍርሃት ከተማሪነት ዘመን ጀምሮ የሙያው ተከታዮች ናቸው።

ይህ ሁሉ የሙያው ባሕርይ ነው፤ በሚገባ ከተደገፈም ተማሪው ይለምደዋል። በግዴታና በአቅም መካከል ያለው የመጀመሪያው ክፍተት የሚከፈተው በተለምዶ ሪኳየርመንት ተብሎ በሚጠራው አሠራር ላይ ነው። ሪኳየርመንት ማለት ተማሪው ወደሚቀጥለው ዓመት ለመሻገር ወይም ለመመረቅ በቁጥር ሊፈጽመው የሚገባ የሥራ ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል ጥርስ ነቅሎ፣ ይህን ያህል ሞልቶ፣ ይህን ያህል የጥርስ ሥር አክሞ፣ ይህን ያህል ድድ አጽድቶ፣ ይህን ያህል ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርቶ ማስፈረም አለበት። የጥርስ ሥር ሕክምና የሚባለው በጥርሱ ውስጥ የታመመውን ሥጋ አውጥቶ ቦታውን አጽድቶ በመሙላት ጥርሱን ከመነቀል የማዳን ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ቀጠሮ ይፈልጋል። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ ትክክል ነው፤ ሳይደጋግሙ መልመድ የለምና። ችግሩ ግን ዝርዝሩ የሚጠይቃቸው ታካሚዎች በክሊኒኩ በር በዝርዝሩ ልክ አለመሰለፋቸው ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣውና ፊቱ ካበጠ በኋላ ስለሆነ፣ የሚነቀል ጥርስ በብዛት ይገኛል፤ ሊሞላ የሚችል፣ ሥሩ ሊታከም የሚችል፣ በሦስትና በአራት ቀጠሮ እየተመላለሰ የሚታከም ሰው ግን ብርቅ ነው። ከተገኘም በኋላ ከሩቅ የመጣ ከሆነ የመኪና ገንዘብ ያጣል፣ ሕመሙ ስለቆመለት ይቀራል፣ ወይም የሕክምናውን ዋጋ መክፈል አይችልም።

በዚህ ጊዜ የሚሆነውን በየአገሩ ያሉ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ያውቁታል። ተማሪው በዶርም ጓደኞቹ፣ በዘመዶቹና በሠፈሩ ሰዎች አፍ ውስጥ ቀዳዳ መፈለግ ይጀምራል፤ ለታካሚው የመኪና ይከፍላል፣ አንዳንዴም የሕክምናውን ዋጋ ራሱ ይሸፍናል፤ ቀጠሮ የሰጠው ሰው በሰዓቱ ሳይመጣ ሲቀር ሕክምናው ብቻ ሳይሆን የምርቃት ጊዜውም ይቀርበታል። ከባልንጀራው ጋር በአንድ ታካሚ መሻማት ይመጣል፤ አብረው ሊማሩ የሚገባቸው ተማሪዎች ተፎካካሪዎች ይሆናሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቁጥሩ ሕክምናውን መምራት የሚጀምርበት ሁኔታ ነው፤ ለታካሚው የሚሻለው አንድ ነገር ሆኖ ለዝርዝሩ የሚያስፈልገው ሌላ ሲሆን፣ ወጣቱ በሕሊናውና በምርቃቱ መካከል ይቆማል። እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ተማሪን ማቆም ከሥነ ምግባር ትምህርት ጋር የሚጋጭ ነው፤ የሙያ ሥነ ምግባር በክፍል ውስጥ እየተሰበከ በክሊኒኩ ውስጥ ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ ተማሪው የሚይዘው ትምህርት የክሊኒኩን ነው።

ሁለተኛው ክፍተት በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ነው። በጥርስ ሕክምና ውስጥ አንድን ሥራ በሁለት ወይም በሦስት ትክክለኛ መንገዶች መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም መመዘኛው በጽሑፍ ካልተወሰነና መምህራኑ አስቀድመው ካልተስማሙበት፣ ትናንት በአንዱ መምህር የተመሰገነው ሥራ ዛሬ በሌላው ይሻራል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ስለ ጥርሱ ማሰቡን ትቶ ዛሬ ተረኛው ማን እንደሆነ ማሰብ ይጀምራል። የመምህራን ቁጥር ማነስም ወረፋ ያስረዝማል፤ አፉን ከፍቶ የተኛ ታካሚ ይጠብቃል፣ ማደንዘዣው ይለቃል፣ ተማሪው የመምህሩን ፊርማ እየጠበቀ ሰዓቱ ያልቃል። ስሕተትን በታካሚው ፊት በቁጣ መናገርም በሕክምና ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ ታካሚው በሐኪሙ ላይ ያለውን እምነትና ተማሪው በራሱ ላይ ያለውን እምነት በአንድ ጊዜ ያፈርሳል፤ ከዚያም በላይ ተማሪው ስሕተቱን መደበቅ እንዲማር ያደርገዋል፣ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በሕክምና ውስጥ ከታየ ስሕተት የባሰ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያና የቁሳቁስ እጥረት ነው። የጥርስ ሕክምና ያለ ወንበሩ፣ ያለ አየር መጭመቂያው፣ ያለ ንጹሕ ውኃና ያለ አስተማማኝ መብራት አይሠራም፤ ማደንዘዣው፣ መሙያው፣ መሰርሰሪያውና የሥር ሕክምና መርፌዎቹ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋም አብሮ ወጥቷል። አንድ ወንበር ሲበላሽና መለዋወጫው ሲዘገይ በዚያ ወንበር ይሠሩ የነበሩ ተማሪዎች ወረፋ ወደ ሌላው ወንበር ይዞራል፤ የሪኳየርመንቱ ቁጥር ግን በተበላሸው ወንበር ልክ አይቀነስም።

አራተኛው የፈተናዎች መደራረብ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ከየትምህርት ክፍሉ የጽሑፍና የቃል ፈተናዎች ሌላ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ምዘና እና በ2015 ዓ.ም. ለቅድመ ምረቃ ተመራቂዎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና ባሉበት ዘመን የሚመረቅ ነው። የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ ምዘና ማስፈለጉ አያከራክርም። ነገር ግን ተማሪው በክሊኒክ ቁጥር እያሟላ፣ በኢንተርንነት ሌሊት እየሠራና የመመረቂያ ጽሑፉን እያዘጋጀ ሳለ የምዘናው ይዘት፣ ቀንና ሥርዓት ዘግይቶ የሚነገረው ወይም የሚቀያየር ከሆነ፣ ከፈተናው ይልቅ እርግጠኛ አለመሆኑ ያደክመዋል። የኢንተርኖች የሥራ ሰዓትና አያያዝ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. በአደባባይ የተነሣ፣ የጤና ባለሙያዎች ክፍያ ጉዳይም በ2017 ዓ.ም. አገር ያወቀው ጥያቄ የሆነ ሲሆን፣ ተማሪው ከፊቱ የሚጠብቀውን ኑሮ ከዚህ ያነብባል።

እስከዚህ የተዘረዘረው በማንኛውም የጥርስ ሕክምና ተማሪ ላይ የሚደርስ ነው። ከወረኢሉ፣ ከአቀስታ፣ ከወግዲ ወይም ከመካነ ሰላም ለወጣ ተማሪ ግን ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የተስፋው ክብደት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ገደማ ሆኑ። ይህ ማለት ከመቶ ተፈታኞች ሦስት ወይም አምስት ብቻ ባለፉባቸው ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የገባ የደጋ ልጅ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ፣ የቅሬው (የዕድሩ)፣ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ልጅ ነው ማለት ነው። ቤተሰቡ በግ ሸጦ፣ የበልግ ዝናብ በዘገየበት ዓመትም ከገብሱ ቀንሶ ይልክለታል፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የትምህርቱን መክበድ ለቤቱ አይናገርም። አንድ ዓመት መድገም ለሌላው ተማሪ የጊዜ ጉዳይ ሲሆን ለእርሱ የመንደር ሐዘን ይሆንበታል። በ1996 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የወጪ መጋራት ሥርዓትም ክፍያውን ከምረቃ በኋላ ቢያዛውረውም፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር የሚከፈለው ዕዳም ይጨምራል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶቹ ከፍተኛ ትምህርትን ወደ ደጋው ማቅረቡ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ የጥርስ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ልጅ ከላይ ከተጠቀሱት ተቋማት ወደ አንዱ መሄድ ይኖርበታል። ጅማ ከተመደበ መጀመሪያ ደሴ ይወርዳል፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ከዚያም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። በክሊኒኩም የሚያገኛቸው ታካሚዎች ሕመማቸውን በአፋን ኦሮሞ ይነግሩታል፤ መቐለ ከተመደበ ደግሞ በትግርኛ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ታካሚው በሌላ ቋንቋ፣ የራሱ ሐሳብ በአማርኛ ሲሆን፣ ታካሚን አረጋግቶ ፈቃዱን የመጠየቅ ሥራ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ይከብደዋል። ታካሚ ፈልጎ ማምጣት የተማሪው ግዴታ በሆነበት አሠራር ደግሞ ዘመድና ጎረቤት በከተማው ያለው ልጅ ይቀናዋል፤ ከሩቅ የመጣው ይቸገራል። ስለዚህ ለሁሉ እኩል የሚመስለው ቁጥር በእውነቱ እኩል አይደለም።

ሦስተኛው የተቋረጡት ዓመታት ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወደ ደቡብ ወሎ ዘልቆ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ክልሉም ከዚያ ወዲህ በግጭት ውስጥ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ልጅ ቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ ወደ ክሊኒክ የገባበት ቀን ነበረ። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ የሚጠበቅበት ሙያ ተማሪ ልቡ በሌላ ቦታ ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ሆኖም የትምህርት ሥርዓቱ ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ያዘጋጀው መንገድ በአብዛኛው አቋርጦ መውጣት ወይም እንደምንም መቀጠል ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚሆን ነገር ጥቂት ነው።

የውጥረቱ ውጤት በተማሪው ላይ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የአፍና የጥርስ በሽታ አለባቸው፤ በድርጅቱ የአፍሪካ ክልል ውስጥ ደግሞ ለ10,000 ሰው የሚደርሰው የጥርስ ሐኪም 0.33 ገደማ፣ ማለትም ለ30,000 ሰው አንድ ሐኪም ያህል ነው። ያሉትም በብዛት በትልልቅ ከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው የደጋው ድርሻ ከዚህም ያንሳል። በገጠሩ ዛሬም ሕመም የያዘው ጥርስ ያለ ማደንዘዣና ያለ ንጹሕ መሣሪያ ይነቀላል፤ የሕፃናት ድድ የተቅማጥና የትኩሳት መንሥኤ ነው ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርስ ይቆፈራል፣ እንጥልም ይቆረጣል። እነዚህን ጎጂ ልማዶች በቋንቋው፣ በአክብሮትና በዕውቀት ሊያስቀራቸው የሚችለው ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በዝለት ምክንያት ትምህርቱን ሲያቋርጥ፣ ወይም ተመርቆ ሙያውን ሲተው፣ ወይም የተማረበትን ዘመን እያስታወሰ ከሕዝብ ሆስፒታል ሲሸሽ፣ ኪሳራው የወረዳ ነው።

አንዳንድ ነባር ባለሙያዎች፣ እነርሱ በዚሁ መንገድ አልፈው ለወግ ለማዕረግ እንደበቁ በማስታወስ፣ ጫናው ጠንካራውን ከደካማው ይለያል ይላሉ። ይህ አስተያየት በቅን ልቦና የሚሰነዘር ስለሆነ በቅንነት መመለስ ይገባዋል። ጫናው የሚለየው ችሎታን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያስኬድ ነበር፤ ነገር ግን ታካሚ በማምጣት የሚለየው ዘመድ ያለውን ከሌለው፣ ለታካሚ በመክፈል የሚለየው ገንዘብ ያለውን ከሌለው፣ የመምህርን ጠባይ በመገመት የሚለየው ደፋሩን ከዓይን አፋሩ ነው። ከእነዚህ አንዱም የእጅን ብቃት አይለካም። የአገሩ ሰው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚለው፣ ተቋም፣ መምህርና ሚኒስቴር ሲካፈሉት የሚቀልለው ነገር በአንድ ወጣት ላይ ስለተከመረ ብቻ ከባድ መሆኑ የትምህርት ጥራት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የሚከተሉት ጥያቄዎች በአክብሮት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ታካሚ የማቅረብ ኃላፊነት ከተማሪው ወደ ተቋሙ ይዛወር። በየማስተማሪያ ክሊኒኩ ታካሚዎችን ተቀብሎ፣ በሕመማቸው ዓይነት ለይቶ፣ ለተማሪዎች በእኩል የሚያከፋፍል የታካሚ ምደባ ክፍል ሊቋቋም ይገባል። በተማሪ ለሚታከሙ ሰዎችም ክፍያው እንዲቀር ወይም እንዲቀነስ ቢደረግ፣ ብዙ ቀጠሮ የሚፈልጉ ሕክምናዎች ሳይቋረጡ ይፈጸማሉ። ብቃትም በቁጥር ብቻ ሳይሆን ተማሪው ሥራውን ያለ እገዛ በሚገባ መሥራቱን በማየት ቢመዘን፣ ቶሎ የለመደው ታካሚ ፍለጋ አይንከራተትም፣ ያልለመደውም ቁጥር ስለሞላ ብቻ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ታካሚ ያጡ ተማሪዎችና ሐኪም ያጡ ታካሚዎች እንዲገናኙ ይደረግ። ለዚህ አገሪቱ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልጋትም። በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተጀመረው፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ከተሞች ወጥተው ሕዝብ እያገለገሉ የሚማሩበት አሠራር፣ እንዲሁም ጅማ ዩኒቨርሲቲ መታወቂያው ያደረገው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት፣ ለጥርስ ሕክምናም ይሆናል። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት መምህራንና ተማሪዎች ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይዘው፣ ጸጥታው በፈቀደ ጊዜ፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታሎች ቢመጡ፣ ተማሪው በከተማ ወራት ጠብቆ የማያገኘውን ልምድ ያገኛል፣ ሕዝቡም አግኝቶት የማያውቀውን አገልግሎት ያገኛል። መቅደላ አምባና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ማረፊያና መጓጓዣ በማመቻቸት የዚህ ሥራ አስተናጋጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ የክሊኒክ ሥራ የጽሑፍ መመዘኛ ወጥቶ ለተማሪውም ለመምህሩም ይሰጥ፤ መምህራንም በዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስበው በመመዘኛው አጠቃቀም ይስማሙ። እርማት ከታካሚው ፊት ዞር ተብሎ፣ በሥራው ላይ እንጂ በሰውየው ላይ ሳያነጣጥር ይሰጥ። ተማሪውም መምህሩን የሚገመግምበት፣ ማንነቱ የማይገለጥበት መንገድ ይኑር።

አራተኛ፣ ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ፈቃድ ምዘናውን ይዘትና ቀን በጋራ አቅደው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ያሳውቁ፤ በምዘናዎቹ ዋዜማም ተማሪው ከክሊኒክ ግዴታ ነጻ የሚሆንበት በቂ የዝግጅት ጊዜ ይወሰን። የኢንተርኖች የሥራ ሰዓትና የዕረፍት መብትም በጽሑፍ ይደንገግ፣ አፈጻጸሙም ይቆጠር።

አምስተኛ፣ በየካምፓሱ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ከመምህራንና ከውጤት መዝገብ ፈጽሞ የተለየ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ይቋቋም። ተማሪው ወደ አማካሪ የሄደበት ወሬ መምህሩ ዘንድ ይደርሳል ብሎ ከፈራ አይሄድም፤ እንቅልፉን በጫት እያባረረ፣ ድካሙን በመጠጥ እየደበቀ ይቀጥላል። ከግጭት አካባቢ ለመጡ ተማሪዎች ደግሞ መንገድ ሲዘጋና ከቤተሰብ ጋር መገናኘት ሲቋረጥ ቀሪ የማይቆጠርበት፣ ያመለጠ ፈተናና የክሊኒክ ተራ ያለ ቅጣት የሚካካስበት ደንብ ይውጣ።

ስድስተኛ፣ ጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ባሉ ሆስፒታሎች የሚሠራ የጥርስ ሕክምና ወንበር፣ መሣሪያና የሥራ መደብ መኖሩን ያረጋግጡ፤ መደቦቹንም ለተማሪዎች አስቀድመው ያሳውቁ። መጨረሻው የሚታይ መንገድ ከማይታየው ይቀልላልና፣ ስድስት ዓመት የሚደክም ወጣት ከድካሙ በኋላ የት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባዋል።

ለቤተሰቦችም አንድ ነገር መባል አለበት። በሩቅ የሚማር ልጅ ሲደወልለት መቼ እንደሚመረቅ ብቻ አይጠየቅ፤ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ይጠየቅ። አንድ ዓመት ቢዘገይ በቤቱም በቅሬውም ክብሩ እንደማይቀንስ ከአባቱና ከእናቱ አንደበት መስማት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ደክሞኛል ማለት ነውር እንዳልሆነ ከቤቱ የተማረ ልጅ፣ ሕመሙ ሳይጠና ርዳታ ለመጠየቅ አያፍርም።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከገንዘብ ይልቅ ውሳኔና ክትትል የሚሹ ናቸው፤ ወንበርና መሣሪያ የሚጠይቁትም ቢሆኑ ተማሪ ኖረ አልኖረ ለሕዝቡ የሚያስፈልጉ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሚኒስቴሮችና ዩኒቨርሲቲዎቹ መጪው የትምህርት ዓመት ከመግባቱ በፊት በጋራ ተቀምጠው፣ የተማሪዎችን ተወካዮች አሳትፈው፣ ከላይ ከተዘረዘሩት የትኛውን መቼ እንደሚፈጽሙ ለሕዝብ በይፋ እንዲያሳውቁ በትሕትና ይጠየቃሉ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
ወረኢሉ፣ ደቡብ ወሎ